የብርነሽ ግራ እግር

በአርብ ገበያ ዙሪያ የእኔ እጅ ያልነካው ስብራት ጥቂት ነው። ወጌሻው ጣሰው ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። ከገደል የተንሸራተተው፣ በቅሎ የጣለችው፣ በሬ የረገጠው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም አቃንቼ፣ በሸምበቆ አስሬ፣ በቅቤ አሽቼ እሰደዋለሁ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስሠራ በእጄ ላይ የሞተብኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱንም የሰው ዐይን በላው ብለን ቀበርነው።

ቻላቸው ይባላል። አምና መስከረም ላይ ቅልጥሙ ተሰብሮ አሰርሁለትና እንዳይነቃነቅ አስጠንቅቄ ሦስት ሳምንት አስተኛሁት። ከዚያ ባቱ አበጠ። ያበጠ ይታሻል፤ እኔም ጧትና ማታ አሸሁት። በሦስተኛው ቀን ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ "ደረቴን!" አለ፣ እኔ የእጄን ቅቤ ሳልታጠብ ነፍሱ ወጣች። ለቅሶው ላይ ማንም በክፉ ዐይን አላየኝም። እኔም ራሴን አልጠረጠርሁም፤ ምን አድርጌ ብዬ?

በዚህ ጥር ልጄ ብርነሽ የበኩሯን ልትወልድ ከባሏ ቤት ወደ እኛ መጣች። ወንድ ወለደች፤ ሰባት ጊዜ እልል ተባለ። ሚስቴ የሻረግ ጥጉን ጋርዳ አልጋ ላይ አስተኛቻትና ዘበኛ ሆነችባት። ጧት ገንፎ በቅቤ፣ ቀትር ገንፎ በቅቤ። ውሃ ስትለምን "ብርድ ይገባሻል" ብላ አንድ ጉንጭ ታቀምሳታለች። ያዘዝሁት እኔው ነኝ። "የአራስ አጥንት ክፍት ነው፤ እስኪገጥም እንዳትነሣ" አልሁ። የሻረግ ደግሞ አንድ ጊዜ ያልኋትን አጉድላ አታውቅም።

በአራተኛው ቀን የጤና ኬላዋ ልጅ፣ ዮርዳኖስ፣ ልትጠይቃት መጣች።

"አያ ጣሰው፣ እንዲህ ተኝታ መሰንበት የለባትም" አለችኝ። "ተነሥታ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትበል። ውሃ በደንብ ትጠጣ። ገንፎውም ይሁን፣ ግን ጎመንም ሽሮም ይጨመርላት። አልጋ ላይ ስትሆንም እግሯን ታንቀሳቅስ።"

"አንቺ ስንት ወልደሻል?" አልኋት።

ገና አላገባችም፤ አውቄ ነው የጠየቅኋት። ብርነሽ ከመጋረጃው ኋላ "ልነሣ እንዴ፣ አባዬ?" አለች። "ተኚ!" ብዬ ጮህሁባት። ዮርዳኖስ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ እኔም አፏን ዘጋሁ ብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ብርነሽ ግራ እግሯ ከበዳት። በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ እስከ ጉልበቷ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጭ ነበር። ስነካው ይሞቃል። ዐርብ ገበያ መሄዴ ስለማይቀር የሻረግን አስቀምጬ አሳየኋት። "ከቁርጭምጭሚት ጀምረሽ ወደ ላይ። በአውራ ጣትሽ ጫን በይ። ብትጮኽም አትራሪላት።"

ዐርብ ጧት ወጣሁ። መጀመሪያ የገዛሁት ለዚያው ለእግሯ የሚሆን ቅቤ ነው። ቅቤውን በቅጠል አስጠቅልዬ ዞር ስል ዮርዳኖስ ሽንኩርት ስትመርጥ አየኋት። መቼም ሳልነካካት አላልፍም።

"አራሷ ያልሽውን ሳታደርግም ደህና ናት" አልኋት። "እግሯ ብቻ ትንሽ አብጧል።"

ሽንኩርቱን አስቀመጠች። "ሁለቱም ነው አንዱ?"

"ግራው።"

"ይሞቃል?"

"ያበጠ ምን ይሆናል ታዲያ?"

"አያ ጣሰው፣ እንዳይታሽ! ማንም እንዳይነካው!" ክንዴን ያዘችኝ፤ በሰው መካከል እንዲህ ይዛኝ አታውቅም። "ወተት ሲቀመጥ ይረጋ የለም? ብዙ የተኛ ሰው ደምም እንዲያ እግሩ ውስጥ ይረጋል። ስትነሣ፣ ውሃ ስትጠጣ ይሻላል ያልሁዎ ይህ እንዳይመጣ ብዬ ነበር። አሁን ግን አልፏል፤ መራመዱም ማሸቱም ይቅር፣ ሳትነቃነቅ ሐኪም ቤት ትድረስ። ከታሸ የረጋው ይነቀልና ሳንባ ላይ ይወጣል።"

"ከዚያስ?" አልሁ። መልሱን ግን ሳትነግረኝ አውቄው ነበር።

"ደረቴን ይላሉ። ከዚያ በኋላ ጊዜ አይሰጥም።"

የቻላቸው ፊት መጣብኝ። ያ አፉን ከፍቶ ትንፋሽ የፈለገው ፊት። ዐይን አልነበረም የበላው። እኔ ነበርሁ።

ዮርዳኖስ አምቡላንስ ልትጠራ ስትደውል እኔ ለየሻረግ ደወልሁ። አይሠራም። ደግሜ ደወልሁ። ያቺ የስልኳ ሴትዮ ብቻ ያንኑ ቃል ትደጋግምልኛለች። ቅቤውን እንደያዝሁ ቁልቁለቱን ሮጥሁ። ከአርብ ገበያ ቤቴ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ በአንድ ሰዓት ደረስሁ መሰለኝ። መንገዱን ሙሉ የለመንሁት አንድ ነገር ነበር፤ ሚስቴ ዛሬ ብቻ ትእዛዜን እንድታፈርስ። ትርሳው፣ ልጅቷ ስትጮኽ ትራራላት፣ ጎረቤት ቡና ይጥራት አልሁ። ሠላሳ ዓመት ያዘዝኋትን ስትፈጽም አመስግኛት አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እንቢተኛ ሚስት ተመኘሁ።

የሻረግ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ሳቅ ብላለች። እጆቿ እስከ ክንዷ በቅቤ ይንጸባረቃሉ።

"እንዳልኸኝ ነው ያደረግሁት" አለችኝ። "ጧት አሸኋት፣ አሁንም ደገምሁላት። ስትጮኽም አልራራሁላት። ጎደለ እኮ፤ ና እይ!"

ብርነሽ አልጋው ላይ ቀና ብላ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። እውነትም እግሯ ጎድሏል።

"ቀለለኝ፣ አባዬ" አለች።

"ተኚ፣ ልጄ። ቀስ ብለሽ ተኚ። እንዳትነቃነቂ።"

ሳቀች። "ዛሬም ተኚ? እኔስ ልነሣ ነበር።"

ከማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ የአምቡላንስ ጡሩምባ ተሰማ። መንገዱ እዚያ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ ሸለቆውን በቃሬዛ ነው። ለሰው ልጮኽ አፌን ስከፍት ብርነሽ ሕፃኑን ከጡቷ አላቀቀችው።

"ያዝልኝ እስቲ" አለች። ልጁን ተቀበልኋት። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ለመተንፈስ ሞከረች፣ ደግማም ሞከረች። "አባዬ፣ ደረቴን..."

የሻረግ ሮጣ ደገፈቻት። ከዚያ እነዚያን ቅቤ የነካቸውን እጆቿን ዘርግታ ወደ እኔ ዞረች።

"ምን ላድርግ?" አለችኝ። "ንገረኝ እንጂ፣ ምን ላድርግ?"

ሕፃኑን ታቅፌ ቆምሁ።