ለፊልም የወረደ ሙሾ

በወገራ ሙሾ አውራጅ ከተባለ ሐረገወይን ናት። በሰው ሬሳ ሁሉ ላይ ስታስለቅስ የኖረች ሴት ለገዛ ልጇ ግን አፏን አልከፈተችም። ልጇ የሻው ለቀን ሥራ ወደ መተማ ወርዶ ድምፁ ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው። ዘመድ «እርምሽን አውጪ» ሲላት «ሬሳውን አሳዩኝ» ትላለች። እርም ካልወጣ ደግሞ ሰው አልሞተም፤ ሚስቱ ብርቱካንም ቤቱን ይዛ ትጠብቃለች።

የውጭ ፊልም ሠሪዎች አምባ ጊዮርጊስ መጡና ባዶ ቃሬዛ በጋቢ ሸፍነው እንድታለቅስ ለመኗት። አስተርጓሚው ህሩይ የጎንደር ልጅ ነው።

«ሟቹ ገብረ ኪዳን ይባላል ይበሉ፣ እትዬ።»

«የማን ልጅ ነው? አገሩስ?»

«የማንም አይደለም። ጨዋታ ነው።»

ዘሩን ለማታውቀው ሰው እንዴት ይለቀሳል? ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ እንባ የለም። ዳይሬክተሩ ራሱን ነቀነቀ። በአራተኛው የልጇ ስም ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

«ሰው አገሩ ሲያርፍ አፈሩን ተላብሶ፣
የሻው የኔ ጌታ የት ወደቀ ደርሶ?»

ደረቷን እየደቃች ጨረሰችው። ማታ ግን ራሷን አጽናናች፤ ጨዋታ እርም አያወጣም አለች። ሞኝ ነበረች።

ፊልሙ በፈረንጅ አገር ተወደደ አሉ። ፊቷን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን የመጣ ብለውታል። ከሥዕሉ ሥር የሙሾው ትርጉም አልተጻፈም፤ ዳይሬክተሩ ውበቱን ያበላሻል ብሎ ነው። ለማን እንደሚለቀስ ሳያውቁ አለቀሱ፤ ደስም አላቸው።

በዓመቱ ፊልሙ ጎንደር አዳራሽ ሲታይ የወገራ ሰው በሁለት መኪና ወረደ። ለእነሱ ትርጉም አላስፈለጋቸውም። «የሻው» የሚለው ሲመጣ ብርቱካን ጮኸች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አደገደገች። ከፊት የተቀመጡት ፈረንጆች ዞረው በስልክ ቀረጿት። ሲያልቅ ቆመው አጨበጨቡ።

ህሩይ ማይክራፎኑን ለሐረገወይን አስጠጋላት። «ምን ተሰማዎ ይላሉ።»

«ልጄ አልሞተም በላቸው።»

ህሩይ ላቡን ጠርጎ አጠር ያለ ነገር ተናገረ። ጭብጨባው በረታ። ምን እንዳላቸው እስከ ዛሬ አታውቅም።

በማግሥቱ የብርቱካን አባት አያ ኃይለ ማርያም የዕድሩን ድንኳን ሐረገወይን ደጅ ላይ አስተከሉ።

«አያ፣ ምነው? ጨዋታ ነበር እኮ!»

«በስሙ አለቀስሽለት፣ ሐረግ። እናቱ እርሙን ካወጣች እኛ ከእናት አንበልጥም። ልጄም ወጣት ናት፤ ትፈታ።»

ብርቱካን ጠጉሯን ተላጭታ ወጣች። አማቷን ቀና ብላ አላየችም።

ለቀስተኛው ይጎርፍ ጀመር። «እግዜር ያጥናሽ» ይላል እያንዳንዱ። ሐረገወይን ለመጀመሪያዎቹ «አልሞተም» አለቻቸው። አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። ለቀጣዮቹም አለች፤ ድምፏ እየሰለለ ሄደ። ረፋድ ላይ ከማክሰኝት የመጣች የየሻው አክስት አቅፋት «እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ» ስትላት «አሜን» አለች።