ወፏን ያስተረጎመችው

ትህትና ውጭ አገር ላለ ዩኒቨርሲቲ የምትልከውን ማመልከቻ እስከ አራተኛው ገጽ ሞልታ ቆመች። «ከክፍል ውጭ ምን ትሠሪያለሽ?» ይላል። ከሥሩ አሥር ባዶ መስመሮች አሉ። ኳስ አልተጫወተች፣ ክበብ አልመራች፣ የቸርቹን ኪቦርድ እንኳ ነክታ አታውቅም። ከተቀመጠችበት የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መስኮት ማዶ ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ ቀስ እያለ ከሶዶ የሚርቅ መሰላት፤ እሷም አብራው የምትንሳፈፍ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትጠፊው?» አላት የእንግሊዝኛ መምህሯ ፍቅሬ።

«ሆስፒታል ነኝ፣ ቲቸር። ከሩቅ የተመደቡት ሐኪሞች ወላይትኛ አይችሉም፤ ከሁምቦና ከበዴሳ የሚመጡት ታካሚዎች ደግሞ አማርኛ ይቸግራቸዋል። መሐል ቆሜ አስተረጉማለሁ። ሥራ እኮ አይደለም፤ ማንም አልቀጠረኝም።»

«ታዲያ እሱን ነዋ የጠየቁሽ!»

እስክሪብቶዋን አነሳች። ያኔ ድምፆቹ አንድ በአንድ ይመጡላት ጀመር፤ የሳል፣ የምጥ፣ የፍርሃት ድምፅ። ከሁሉም የሁምቦዋ አሮጊት ጎልተው ተሰሟት። «ደረቴ ውስጥ ወፍ ገብታለች፤ መውጫ አጥታ ትርገበገባለች» ብለው ነበር። ትህትና «አሟቸዋል» ብላ ማሳጠር ስትችል፣ ወፏን ከነክንፏ ለሐኪሙ አቀበለችው። ሐኪሙ አልሳቀም። ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

«እውነታቸውን ነው፤ የልባቸው ምት ተዛብቷል» አለ።

መድኃኒት ጀመሩ። በወሩ ተመልሰው መጡና «ወፏ አንቀላፍታለች በይልኝ» አሏት።

ይህንኑ ጻፈች፤ አሥሩ መስመር አልበቃትም።

የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያው ቅጽ ደግሞ የወላጅ የደመወዝ ማስረጃ ይፈልጋል። እናቷ አልጋነሽ ቦዲቲ ገበያ አቮካዶ ቸርቻሪ ናቸው፤ ደመወዝ የሚባል ነገር አያውቁም። ሁለት ቀን ከተመላለሱ በኋላ ቀበሌው ኑሯቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈላቸው፤ መምህር ፍቅሬ ተረጎመውና አብሮ ተላከ።

መልሱ መጋቢት ላይ መጣ። ተቀብለዋታል፤ ትምህርቱን፣ ማደሪያውን፣ ምግቡን፣ የአውሮፕላኑን ትኬት ሳይቀር ይሸፍኑላታል። ገበያ ድረስ ሄዳ፣ ከአቮካዶው ክምር አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል በወላይትኛ አነበበችላቸው።

ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«ብርድ ነው አሉ እዚያ አገር» አሉ አልጋነሽ፤ ነጠላቸውንም አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።