የአራተኛው ብስክሌት ቁጥር

«ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ወረቀቱን የሚነካ ሰው እንዳላይ» አለች አሰልጣኟ በብስክሌቶቹ መሃል እየተመላለሰች።

አሥራ አንድ ሰው በአሥራ አንድ የቆመ ብስክሌት ላይ ላቡን ያንጠባጥባል። የአንዳቸውም ስክሪን አይታይም። በፈተና ቀን ስክሪኖቹን በወረቀትና በፕላስተር የምትሸፍናቸው ራሷ ናት። ሰው ቁጥር እያየ ሲነዳ የምለካው እግሩን ሳይሆን እልሁን ነው ትላለች። ስለዚህ ሃያው ደቂቃ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ውጤቱን አያውቅም፤ የሚያውቀው ትንፋሹን ብቻ ነው።

የጂሙ ሰዎች በሌለችበት «ቆጣሪዋ» ይሏታል። ታውቃለች፣ ግን አይከፋትም። ጎን ያለው ክፍል ሙዚቃው ግድግዳውን ያናውጠዋል፣ አሰልጣኙ ይጮኻል፣ ሰዉ ጨፍሮ ይወጣል። ከሦስት ወር በኋላ ያው ሰው፣ ያው ደረጃ ላይ፣ ያው ትንፋሽ ያጥረዋል። የእሷ ክፍል እንዲህ ያለ ቀልድ አያውቅም። በየሁለት ሳምንቱ አርብ፣ እያንዳንዱ ሰው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ፔዳሉን በስንት ዋት እንደገፋ፣ ልቡ ስንት እንደመታ፣ ከቆመ በኋላ ባለው አንድ ደቂቃ ውስጥ ምቱ በስንት እንደወረደ ትልቁ ደብተሯ ላይ ይሰፍራል። ስኳሯ አልወርድ ብሎ የተቸገረች ጸሐፊ እዚያ ክፍል ገብታ መድኃኒቷ በግማሽ ተቀንሶላታል። ጉልበቱን ይዞ የመጣ ፖስተኛ ዛሬ እየሮጠ ነው ደብዳቤ የሚያድለው። ይሄ ወሬ አይደለም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ቁጥሩ ተጽፎ አለ።

ዛሬ ግን የሁሉም ዓይን ያለው አራተኛው ብስክሌት ላይ ነበር። እዚያ ላይ ያሉት የስልሳ ስምንት ዓመት ልብስ ሰፊ ናቸው። ባለፈው ዓመት ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ከተኙ ወዲህ የሚያድሩት በሴት ልጃቸው ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነው። የገዛ ቤታቸው አምስተኛ ፎቅ ሲሆን ሕንፃው ሊፍት የለውም። እሳቸው ቤቴ ካልገባሁ፣ ልጃቸው ሞቼ ነው ቆሜ ብለው ከተጨቃጨቁ በኋላ፣ የልብ ሐኪሙ አስማማቸው። ሃያ ደቂቃ በመቶ አሥር ዋት ከነዱ፣ ምታቸው ከመቶ ሠላሳ ካላለፈና አሰልጣኟ ይህን አይታ ከፈረመች፣ ቤታቸው ይገባሉ። ያን ጊዜ ሃምሳ አራት ዋት ላይ ነበሩ።

«በቃ!» አለች። «ወረቀቱን አንሱ።»

አራተኛው ስክሪን ላይ አማካዩ መቶ አሥራ ስምንት ይላል።

ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ፖስተኛው ከብስክሌቱ ሳይወርድ ያፏጫል። ልብስ ሰፊው ፊታቸውን በፎጣ ሸፍነው ቆዩ፤ ላብ ይጥረጉ እንባ እግዜር ይወቀው። ልጃቸው በር ላይ ቆማ አይታለች። ሻንጣቸው ከእሑድ ጀምሮ እንደተዘጋጀ ለአሰልጣኟ የነገረቻትም እሷ ነበረች፣ ደስ ባላለው ድምፅ።

ሰዉ ልብስ ሊቀይር ሲወጣ አሰልጣኟ ደብተሯን ዘርግታ ጻፈች። ዋት መቶ አሥራ ስምንት፣ የልብ ምት መቶ ሃያ አንድ። እዚህ ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ። የዛሬ ሁለት ሳምንት በዘጠና ስድስት ዋት ምታቸው መቶ ሃያ ነበር። በሁለት ሳምንት ሃያ ሁለት ዋት ሲጨምሩ ልባቸው የጨመረው አንዲት ምት ብቻ ነው ማለት ነው። የሃያ ዓመት ሯጭ እንኳ እንዲህ አያደርግም።

ከዚያ ትዝ አላትና ክው አለች። ረቡዕ ዕለት ቴክኒሻኑ የአራተኛውን ብስክሌት ቺንጋ፣ ፔዳሉን ከሚሽከረከረው ብረት ጋር የሚያያይዘውን ቀበቶ፣ ቀይሮ ነበር። ቺንጋ ሲቀየር መለኪያው ከዜሮ እንዲነሳ መስተካከል አለበት። ሁሉንም ብስክሌት ሰኞ ሰኞ የምታስተካክለው ራሷ ናት፤ ረቡዕ ግን ቴክኒሻኑ ጨርሻለሁ ሲላት እሺ ብላ አለፈች። በሰው ቃል ሳትለካ አለፈች፣ እሷ!

ማጥበቂያውን ጨርሶ አላልታ ፔዳሉን በጣቷ ቀስ አድርጋ አዞረችው። ስክሪኑ አሥራ ስድስት አለ። ምንም ሳይቀመጥበት ሁለት ኪሎ እንደሚያሳይ የሥጋ ቤት ሚዛን ማለት ነው። መቶ አሥራ ስምንት ሲቀነስ አሥራ ስድስት፣ መቶ ሁለት፤ ሐኪሙ ካለው በስምንት ያነሰ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ማንም አያውቅባትም ነበር። ስምንት ዋት ምን አላት? ሽማግሌው ዓመት ሙሉ የጠበቁት ቀን ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ምናልባት አንድ ደቂቃ ቆይታ ይሆናል። ከዚያ ደብተሯን ብብቷ ውስጥ ከትታ ወጣች። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አላውቅም።

አባትና ልጅ መግቢያው አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ተሳስቻለሁ» አለቻቸው። ቺንጋውንም፣ አሥራ ስድስቷንም ሳታለባብስ ነገረቻቸው። ጥፋቱ የቴክኒሻኑ ሳይሆን የእሷ መሆኑንም አልሸሸገችም።

ፎጣውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ አዩዋት። «እና የእኔ ስንት ነው?»

«መቶ ሁለት።»

«ስምንት ጎደለኝ በይኛ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ስምንቷን ብትተዪልኝስ? ይኼን ያህል ዘመን ስሰፋ ለስንቱ ሰው ጥብቅ ኮት በአንድ ጣት ልክ ለቅቄለታለሁ።»

«ዛሬ ስምንት ብጨምርልዎት፣ ከሃምሳ አራት ተነስተው እዚህ የደረሱትን ማን ያምንልዎታል? እሱ እኮ የእርስዎ ላብ ነው።»

ልጃቸው ብድግ አለች። እፎይ ማለቷን መደበቅ አልቻለችም። «ይኸው፣ ፈጣሪ ነው ያሳየን። አባዬ፣ በቃ እኔ ጋ ትቀመጣለህ። ምን ጎደለህ?»

«እህቴ፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም» አለች አሰልጣኟ። ደብተሩን አግዳሚው ላይ ዘረጋችና በጣቷ እየተከተለች አነበበችላት። ሃምሳ አራት፣ ሰባ አንድ፣ ሰማንያ ሦስት፣ ዘጠና ስድስት፣ መቶ ሁለት። መጀመሪያ ሲመጡ ከብስክሌት ወርደው በአንድ ደቂቃ ልባቸው በዘጠኝ ብቻ ነበር የሚቀንሰው፤ ዛሬ በሃያ ሁለት ቀንሷል። ይህንን ያመጣው የተበላሸ መለኪያ እንዳልሆነ አስረዳቻት። ልጅየው ሰማች፣ ፊቷ ግን አልተፈታም።

ልብስ ሰፊው ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጄ ትወደኛለች፣ እሱ አይካድም። ግን ማታ ውኃ ልጠጣ ስነሳ ልጆቿን እንዳልቀሰቅስ በእግር ጣቴ ነው የምራመደው። ዓመት ሙሉ በጣቴ! የሰው ቤት እንግዳ ሆኜ መሞት አልፈልግም።»

«የሰው ቤት አልከው?» አለች ልጃቸው።

አሰልጣኟ እንደማንኛችንም ብታጽናና፣ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ ብትል ማን ይፈርድባታል? እሷ ግን ቆጣሪ ናትና ሌላ የሚለካ ነገር አገኘች። ቤታቸው ሩቅ እንደሆነ ጠየቀች። በመኪና አሥር ደቂቃ ነው አሏት።

«ሐኪሙ መቶ አሥር ያለው ለደረጃው ብሎ ነው» አለች። «ታዲያ ለምን ደረጃውን ራሱን አንለካውም? ቀጣዩ ክፍሌ ገና ሰዓት አለው።»

ሕንፃው ሥር ሲደርሱ የልብ ምት መለኪያውን ደረታቸው ላይ አጥብቃ አሰረችላቸው። ምታቸውን ከእጅ ሰዓቷ ላይ ታነባለች፤ መቶ ሠላሳ ከሞላ ይቆማሉ፣ ክርክር የለም። እሺ ብለው ጀመሩ። አንደኛ ፎቅ ላይ መቶ አራት። ሁለተኛው ላይ መቶ አሥራ ሰባት። ልጃቸው ከኋላ ከኋላ እጇን ዘርግታ ትከተላለች፣ ሕፃን መራመድ የሚያስተምር ይመስል። ባለፈው ዓመት የወደቁት እዚሁ ደረጃ ላይ ነበር። ጥቅል ጨርቅ ተሸክመው፣ ደረታቸው እየወጋቸው፣ አላርፍም ብለው ነው። ይህን ለአሰልጣኟ በሹክሹክታ ነገረቻት። አባቷ በሕይወታቸው መንገድ ላይ አርፈው እንደማያውቁም ጨመረችላት።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ መቶ ሃያ ስድስት ሆነ። አሰልጣኟ አፏን ልትከፍት ስትል እሳቸው ራሳቸው የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ቆሙ።

«እዚህ ላይ ልረፍ» አሉና ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

አሰልጣኟ ሰዓቷን ታያለች። ደቂቃው ሲሞላ መቶ ሦስት አለ። ልጅየውም ከጎኗ ሆና ቁጥሩ ሲወርድ በዓይኗ አየችው። ሁለተኛውን ደቂቃ ጨመሩና ሳይደገፉ ተነሱ። አምስተኛው ፎቅ በር ላይ ሲደርሱ መቶ ሃያ ስምንት ነበር። ቁልፉን ሁለቴ ካዞሩት በኋላ በሩ ተከፈተ። ቤቱ አቧራ አቧራ ይሸታል። ገብተው የስፌት ማሽናቸውን ክዳን በመዳፋቸው ጠረጉት።

አሰልጣኟ የመስኮቱ ደፍ ላይ ደብተሯን አስደግፋ መቶ አሥራ ስምንትን ሰረዘች፤ መቶ ሁለት ጻፈች። ከሥሩም «አምስት ፎቅ ወጥተዋል፤ ሦስተኛው ላይ ራሳቸው አርፈዋል» ብላ ጨመረችና ደብተሩን ለልጅየው ሰጠቻት።

«ውላችሁ መቶ አሥር ነው፤ እሱን አልፈርምም፣ አልደረሱበትም» አለቻት። «ያየሁትን ግን ጽፌልሻለሁ። ውሉ የእናንተ ነው።»

ልጅየው መስመሩን ደጋግማ አነበበችው። አባቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ማሽኑን እየጠረጉ ነው፤ እጃቸው ግን ቀስ ብሏል። ደብተሩን መለሰችና ከምግብ ጠረጴዛው ሥር አንድ ወንበር ስባ አወጣች። ተሸክማው በሩን ስታልፍ አባቷ ዞሩ።

«ወንበሬን ወዴት ነው?»

«ሦስተኛ ፎቅ» አለች። «ጎረቤቶቹን አስፈቅጄ እዚያ ላስቀምጠው።»