ዳኛውን ያሰርኩ ዕለት

ዳኛውን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ባገኘው አስረዋለሁ።

በእኛ በካሪቢያኗ ደሴት በሴንት ሉሲያ የቅድስት ሮዛ ማኅበር የራሱ ንግሥት፣ የራሱ ፍርድ ቤትና የራሱ ፖሊስ አለው። በበዓሉ ዕለት አናጢው ፊሎዤን ዳኛ፣ አሮጊቷ ማ ቲቲን ንግሥት፣ እኔ ኤዚልዳ ደግሞ የእንጨት ጎራዴ የታጠቅሁ ፖሊስ ነኝ። እጅ ሳይነሣ የገባውን፣ ወንበር ላይ ያንቀላፋውን ሁሉ እይዛለሁ፤ ቅጣቱ ጭፈራ ነው። ፈረንሳይና እንግሊዝ ደሴታችንን እንደ ኳስ ሲቀባበሏት መንግሥት ምን እንደሆነ አይተናል፤ የእኛው ይሻላል።

የዚያን ዓመት ግን ከበሮ መቺ አጣን። እጮኛዬን ኦኔዚምን አዲሱ እንግሊዛዊ ዳኛ ሚስተር ፔልሃም ያለ ፈቃድ ከበሮ መታህ ብሎ አንድ ወር እስራት ፈረደበት። በበዓሉ ማግስት በጀልባ ወደ ዋና ከተማው ወደ ካስትሪስ ወህኒ ሊወስዱት ነው፤ ሰርጋችን ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ዳቦ ጋጋሪው ፋቢየን “እኔ ልሞክር” ብሎ ተቀመጠ። ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ነውና ውሾቹ እንኳ ተነሥተው ሄዱ።

በዚህ መሃል ሚስተር ፔልሃም ራሱ በዓሉን ሊያይ ከተፍ አለ። ማ ቲቲንን እጅ ሳይነሣ አለፈ። ደሜ ፈላ፤ ጎራዴዬን ደረቱ ላይ ደገንኩ።

“ተይዘዋል ጌታዬ።”

ጨዋታ መሆኑን ሲያውቅ እየሳቀ ተከተለኝ።

“ንግሥት ንቀሃል፤ ከበሮው እስኪያበቃ ትጨፍራለህ፤” ብሎ ፊሎዤን ፈረደ። እንግሊዝኛ ከነጮች ማድቤት ስለለቀምኩ የማስተረጉመው እኔ ነኝ።

“ደስ ይለኛል። ከበሮ መቺው የታለ?” አለ ፔልሃም።

“እርስዎ ጋ ታስሯል።”

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ያለ ከበሮ ቅጣት የለም፤ ሳይቀጡ መውጣትም የለም። ፔልሃም ቢቀልድ፣ ቢለምን፣ ፊሎዤን ወይ ፍንክች።

“እሺ፣ ይምጣ! ለዛሬ ብቻ ነው፤ ሲያበቃ ይመለሳል።”

ኦኔዚም ፂሙ አድጎ መጣ። ከበሮው እስኪያበቃ ፔልሃም እንደሚጨፍር፣ ሲያበቃ ግን እሱ ወደ እስሩ እንደሚመለስ ነገርኩት። ከበሮውን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ጀመረ።

እንዴት ያለ ቀን ነበር! ፔልሃም እንደ ዳክዬ ይረግጣል፣ ማ ቲቲን ከዙፋኗ ወርዳ ታሽከረክረዋለች፣ እኔ ከደስታዬ ብዛት ጎራዴዬን ሰበርኩ። ፔልሃም ኮቱን ጣለ፣ ሸሚዙ ረጠበ። ኦኔዚም ግን ቀና አላለም።

“በቃህ በይው፤” አለኝ ፔልሃም እያለከለከ።

“ሲያበቃ እስር ቤት ይመለሳል ብለዋል። ታዲያ ምን ብሎ ያበቃል?”

ፔልሃም ፊሎዤንን አየ፤ ፊሎዤን ጣሪያውን አየ።

“እሺ፣ እሺ፣ ቤቱ ይግባ!”

ለኦኔዚም ነገርኩት። ምቱን ሳያቋርጥ፣ “ዳኛው ነው ያለው ወይስ የደከመው ሰውዬ?” አለኝ።

“የደከመው ሰውዬ።”

“እንግዲያው ዳኛው እስኪመጣ እመታለሁ።”

ይህንንም ተረጎምኩ። ፔልሃም ጭፈራውን ተወ። ኮቱን ከመሬት አንሥቶ ለበሰ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ቀጥ ብሎ ቆመና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ኦኔዚም ዊልፍሬድ ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ነው፤” አለ።

ከበሮው ዝም አለ። እልል እያልኩ ሮጬ እጆቹን ስይዝ መዳፎቹ ተላጠው ደምተዋል፤ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። እኛ በሳቅ ስንፈርስ እሱ ለካ ብቻውን ሲፈራ ነበር። እዚያው ሰው መሃል አቅፌው አለቀስኩ።