ከፎቶው ዳር የቆመችው

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አቶ በድሉ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው ሴት ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ ቤቱን ግን ከባለቤቱ በላይ ወርሳዋለች። እናታቸው ድንቅነሽ ስትሞት አቶ በድሉ ዳዴ እንኳ አላሉም ነበር። መልኳን ሳያውቁ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ ከሟች አክስታቸው ሳጥን ውስጥ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ የተነሣችው ፎቶግራፍ ተገኘ። ሕፃኑ እሳቸው ለመሆናቸው ጉንጩ ላይ ማርያም የሳመችው ምልክት በቂ ነበር።

ልጃቸው ኑኃሚን ፎቶውን ወስዳ በትልቁ አሳጠበችው። ዳር ላይ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሌላ ሴት ቆማለች። ፎቶ ቤት ያለው ልጅ፣ “እቺስ?” ቢላት፣ “ማን እንደሆነች እንጃ፤ ቁረጣት” አለችው። እናት ማለት ልጁን የታቀፈችው ናት፤ ይሄ ምን ያከራክራል?

ከዚያ ወዲህ የመጣ እንግዳ ሁሉ መልክ አዋቂ ሆኖ አረፈው። “አፍንጫዋ ቁርጥ የእርስዎን!” ይላል አንዱ። “ግንባሯስ!” ይላል ሌላው። አቶ በድሉም ጠዋት ጠዋት “እንዴት አደርሽ እማዬ” ይሏታል።

ጉልበታቸውን ታመው ቤት የዋሉ ጊዜ የድሮ ጎረቤታቸው እትዬ ሀዲያ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሊጠይቋቸው መጡ። ሰማንያ ሊደፍኑ ትንሽ ቢቀራቸውም አራቱን ፎቅ በእግራቸው ወጥተው ትንፋሻቸው እንኳ ቁርጥ አላለም። ኑኃሚን ገና እየተደነቀች ወንበር ስትስብላቸው፣ ሴትዮዋ ግድግዳው ፊት ደርቀው ቀሩ።

“ቢስሚላህ! እናቴን ማን ነው እዚህ የሰቀላት?”

ኑኃሚን ክው አለች። “እትዬ፣ አያቴ ድንቅነሽ ናትኮ።”

“እናቴን አላውቃትም እንዴ? ነፊሳ ናት! በድሉን ከታናሼ ከፈሀድ ጋር አንድ ጡት ያጠባችው እሷ ናት።” ከዚያ ዓይናቸው የፎቶውን ዳር ፈለገ። “ድንቅነሽስ የት ሄደች? እዚህ ጋ ቆማ ነበር።”

ኑኃሚን አባቷን ቀና ብላ ማየት ፈራች። ዋናውን ፎቶ ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠቻቸው። እትዬ ሀዲያ የተከናነበችውን ሴት በጣታቸው ነኩ።

“ይቻትልህ፣ በድሉ። ሳንባዋን ታማ ነበር። ፎቶ አንሺው ‘ልጅሽን እቀፊ፤ ነጠላሽንም ግለጪ’ ቢላት አሻፈረኝ አለች። ሳሏ እንዳይጋባብህ ብላ ነው። አንተን ስታይ እጆቿን ብብቷ ሥር ትደብቃቸው ነበር፤ ሊያቅፉህ እንዳይቀድሟት። ልጅ ሆኜ ያየሁትን አልረሳውም።”

አቶ በድሉ መነጽራቸውን አጥልቀው ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። ዕድሜ ልካቸውን ከተመኙት መልክ ያገኙት ሁለት ዓይን ብቻ ነው። ኑኃሚን ያቺን ሴት “ቁረጣት” ማለቷ አንገበገባት፤ የልጅ ልጇ በመሆኗ ደግሞ እንዲህ ኮርታ አታውቅም። ሁለቱ ስሜቶች አንድ ላይ መጥተው አስለቀሷት።

“ይቅር በለኝ አባዬ” አለች። “እንዲህ ጓጉተህ አፏ እንኳ አይታይም።”

“አፏ ታይቶ ቢሆን ኖሮማ እኔ የለሁም፣ ልጄ” አሉ አባቷ።