ካሳሁን ዓይኑን ካጣ በኋላ

ካሳሁን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ነድቷል። በነዚያ ዓመታት ሰው ገጭቶ አያውቅም፤ ከጭነቱም አንዲት ኩንታል ጎድሎበት አያውቅም። በሳሪስ አቦ ሰፈር ቃሉ የማይታጠፍ ሰው እየተባለ ይከበር ነበር። ይህ ክብሩ እንዳይደፈርበት ብሎ ከሰባት ዓመት በፊት አንድያ ልጁን ማህሌትን ከቤት አስወጣት። ሳታገባ አርግዛ ነበር። ልብሷን በፌስታል ይዛ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ ዞሮ እንኳ አላያትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ በቤቱ እንዳይጠራ ከለከለ፤ ሚስቱ አቻምየለሽም ትእዛዙን የተቀበለች መሰለች።

አምና ዓይኑ ይደክም ጀመር። የዓይን ግፊት ነው፣ ቶሎ ታከም ተብሎ ነበር። መንጃ ፈቃዱን እንዳይነጠቅ ፈርቶ ለማንም ሳይናገር ቆየ። መጀመሪያ ቀኙ፣ ቀጥሎ ግራው ጠፋ፤ ፍልሰታ ሲገባ ፀሐይና ጥላን መለየት አቃተው። ሐኪሙም የጠፋው እንደማይመለስ ቁርጡን ነገረው።

ካሳሁን ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተወ። አቻምየለሽ ጸበል ስታቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሊጠይቁት የሚመጡ ጎረቤቶች እግዚአብሔር የሚወደውን ይቀጣል ይሉታል፤ እሱም በልቡ፣ እንዲህ ከሆነስ ባይወደኝ ይሻለኝ ነበር ይላል።

የነፍስ አባቱ መምሬ ዘአማኑኤል ግን ከዘራቸውን ተደግፈው እየመጡ አጠገቡ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዳች ምክር አልሰጡትም። በአራተኛው ካሳሁን ራሱ አፉን ከፈተ። ሰው አልገደልኩ፣ አልሰረቅኩ፣ ምን አጥፍቼ ነው የምቀጣው አላቸው።

"ሰው የሚቀጣው የገዛ ልጁን ነው እንጂ የጎረቤቱን አይደለም" አሉት መምሬ።

"እኔም ልጄን ቀጥቻለሁ።" ሳያስበው አመለጠው።

መምሬ ከዘራቸውን ግድግዳ አስደግፈው ወደ እሱ ዞሩ። "አንተ የቀጣሃት ልታርቃት ነው፤ እግዚአብሔር የሚቀጣው ሊያቀርብ ነው።"

ካሳሁን ያን ዕለት ምሳ አልበላም። ከሰዓት በኋላ አቻምየለሽን ጠርቶ ማህሌት የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቃት። እሷም ብዙ ካቅማማች በኋላ እውነቱን አወጣች። ማህሌት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ፣ ጠያቂዎች ይዘው መግባት የማይፈቀድላቸውን ስልክ በአደራ እያስቀመጠች ትኖራለች። ዕፀገነት የምትባል ልጅ አላት። አቻምየለሽ ማኅበር አለብኝ እያለች በየወሩ ስትጠይቃቸው ኖራለች። ይቆጣኛል ብላ ነበር። እሱ ግን ነገ ውሰጂኝ ብቻ አላት።

በማግስቱ በታክሲ ወረዱ። ማህሌት አባቷ እናቷን ተደግፎ ሲመጣ ስታይ፣ በእጇ የያዘችውን ስልክ ለባለቤቱ መመለሱን ረሳች። ስለ ዓይኑ ሰምታ ነበር፤ ማየት ግን ሌላ ነው። ካሳሁን ይቅርታ ሊጠይቃት እንደመጣ ነገራት። ሰባት ዓመት ሙሉ ያላሰበውን እግዚአብሔር በጨለማ ውስጥ እንዳሳሰበው ሊያስረዳት ሲሞክር አቋረጠችው።

"ዓይንዎ ባይጠፋ ኖሮ ይመጡ ነበር?"

መዋሸት ይችል ነበር። "አልመጣም ነበር" አላት።

ማህሌት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ምሳ ዕቃ የያዙ ጠያቂዎች ተሰልፈዋል፤ ስልክ ትቀበላለች፣ ቁጥር ትሰጣለች። ካሳሁን ሱቁ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። አቻምየለሽ እንሂድ ብትለው እምቢ አለ። ፀሐዩ ሲበረታ ማህሌት ወጣች፤ አስነስታው ወንበሩን ወደ ጥላ ሳበችለትና ምንም ሳትናገር ገባች። ሰልፉ የሳሳው ቀትር ላይ ነው። ያኔ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

"እኔና እርስዎን ለማስታረቅ ብሎ ዓይን የሚያጠፋ አምላክ ከሆነ፣ እኔ እፈራዋለሁ" አለችው።

"ዓይኔን ያጠፋሁትስ እኔው ነኝ፣ በሽታዬን ደብቄ" አላት። "እሱ ግን ከጠፋ በኋላም አልተወኝም። ሁሉ ነገር ሲጨልምብኝ፣ ያን ቀን በር ላይ ያለቀስሽው ልቅሶ ይሰማኝ ጀመር። ያን ጊዜ አልሰማሁትም ነበር። ያሰማኝ እሱ ነው። ያማል፤ ግን ይብቃህ እንዲለኝ አልፈልግም።"

ማህሌት ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም። ሱቁን ለጎረቤቷ ለሐጀራ አደራ ብላ፣ ክንዱን ይዛ እስከ ታክሲው ሸኘችው። መንገዱ ዳር ክዳን የሌለው ቱቦ ስለነበር እግሩን የት እንደሚያሳርፍ እየነገረችው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ካሳሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። አንዳንዱን ቀን ያወራሉ። አንዳንዱን ቀን ማህሌት ቂሟ ይነሳባትና ሰላምታ ብቻ ሰጥታው ትውላለች፤ ያን ቀንም ተቀምጦ ይውላል። ቤተ ክርስቲያንም መሳለም ጀምሯል። አሁንም አንዳንድ ጠዋት ሲነቃ ብርሃን ፈልጎ ሲያጣ እግዚአብሔርን እንደሚወቅስ ለመምሬ ነግሯቸዋል። እሳቸውም ልጅ አባቱን ይወቅሳል፣ ብቻ ከቤት አትውጣ አሉት።

ለጥምቀት ማህሌት ልጇን ይዛ ሳሪስ መጣች። ከሰባት ዓመት በኋላ እዚያ ቤት ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። ዕፀገነት አያቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ በቴሌቪዥን የሚታየውን የታቦት ሽኝት ትተርክለት ጀመር፤ ግማሹን ከራሷ እየፈጠረች። አቻምየለሽ ልታርማት ስትል ካሳሁን እጁን አንስቶ፣ ተያት፣ ትቀጥል አላት።