ከአሚስ አንገት የወለቀው ወርቅ

ጊልበርት ፍላጻ ሠሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህ አስቀድሞ ይታወቅ። በዊዘርተን መንደር ስሙ ሲነሳ ከንፈሩን የሚያጣምም አይጠፋም፤ ያጣምም። ጊልበርት አንዲት ልጁን አሚስን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያይ አባት ነበር። እሱ ለፍላጻው የዝይ ላባ ሲሰነጥቅ እሷ ከጎኑ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ የግራውን ክንፍ ላባ ከቀኙ ትለይለታለች። ሁለቱ በአንድ ፍላጻ ላይ ከተደባለቁ ፍላጻው ቀጥ ብሎ አይሄድም። የተሳሳተች እንደሆነ «ይሄኛው እንግዲህ በቀጥታ ወደ አባ ረልፍ ደወል ቤት ነው» ይላታል፤ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

አምስት ዓመት ሲሞላት አንገቷ ላይ ንፍፊት ወጣባት። ቅጠል ተለጠፈ፣ ጸበል ተረጨ፣ ሻማ በራ፤ ምን ያደርጋል! እብጠቱ ፈርጦ መግል ይዞ ቁጭ አለ። በአገሩ ይህን በሽታ የንጉሥ በሽታ ይሉታል፤ መድኃኒቱ የንጉሥ እጅ ብቻ ነውና። በቅዱስ ቅባት የተቀባ ንጉሥ የታመመውን አንገት በእጁ ይዳስሳል፣ ካህኑ ወንጌል ያነባል፣ ከዚያ የተበሳ ወርቅ በነጭ ጥብጣብ አንገት ላይ ይታሰራል። ያ ወርቅ እስከ ዕለተ ሞት አይወልቅም። ከወለቀ በሽታው ይመለሳል። ይህን በዊዘርተን አፉን ያልፈታ ሕፃን ካልሆነ በቀር የማያውቅ የለም።

ችግሩ ንጉሡ ነበር። ያን ጊዜ አገሩ ለሁለት ተከፍሎ፣ አጎትና የወንድም ልጅ ሳይቀር ይተራረድ ነበር። በዙፋኑ ላይ ያለው አሮጌው ንጉሥ፣ ምልክቱ ሚዳቋ ነው። ዙፋኑ የእኔ ነው የሚለው ጎረምሳ ዘመዱ ደግሞ ምልክቱ ነጭ ጽጌረዳ። የጊልበርት ታናሽ ወንድም ሂው ለጽጌረዳው ወገን ዘምቶ ተማረከ፤ የአሮጌው ንጉሥ ሰዎች አንገቱን ቆርጠው ራሱን ከከተማው በር ላይ ሰቀሉት። ጊልበርት እዚያ ድረስ ሄዶ፣ ከበሩ ሥር ቆሞ፣ ቀና ብሎ አይቶታል። ከዚያ ወዲህ የዚያ ንጉሥ ስም በቤቱ ተጠርቶ አያውቅም።

ሚስቱ ሲስሊ ግን እናት ናት፤ የማንም ወገን አይደለችም። እሱ እንጨት ሊገዛ ራቅ ወዳለ ገበያ በሄደበት ልጇን አዝላ ንጉሡ ወዳለበት ወደ ኮቨንትሪ ገሰገሰች። ጊልበርት ሲመለስ የአሚስ አንገት ላይ ወርቅ ተንጠልጥሎ አየ። ነገሩ ወዲያው ገባው። እጁን አነሳ፤ ግን አልመታትም።

«የወንድሜን አንገት ያስቆረጠ እጅ የልጄን አንገት ነካ?» አላት።

«የነካት እጅ ለስላሳ ነበር» አለችው ሲስሊ። «ሌላ የማውቀው ነገር የለም።»

መኸር ሲገባ ቁስሉ ደረቀ። ለገና ቀጭን ጠባሳ ብቻ ቀረ። ሰውዬው ታዲያ ምን ይበል? እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ከእሱ ሌላ ማንንም አላመሰገነም። ወርቁን አያየውም፤ አሚስ ስታቅፈው ወርቁ አገጩን ሲነካው ፊቱን ዞር ያደርጋል። ልጅቷ ይህን ስላወቀች አባቷን ልታቅፍ ስትል ወርቁን ወደ ጀርባዋ ማዞር ለመደች።

ዓመታት አለፉ፣ ነገር ተገለበጠ። ጎረምሳው አሸነፈ፤ አሮጌው ንጉሥ ለንደን ግንብ ውስጥ ተዘጋበት። ጊልበርት በሩ ላይ ነጭ ጽጌረዳ ቀባ። ሂውን አስቦ አለቀሰ፣ ጠጣ፣ ዘፈነም። የአካባቢው ጌታ ለአዲሱ ንጉሥ ሠራዊት ፍላጻ እንዲሠራ አዘዘውና ቤቱ ሞቅ አለ። ፍላጻውን እየመጣ የሚረከበው የጌታው አዛዥ ኦስበርት ነበር፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ንፋሱ ወደሚነፍስበት የሚዞር ሰው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መንደር መቼም የለም።

አንድ ቀን ኦስበርት ጋሪው እስኪጫን የገብስ ጠላውን ይዞ ቆሞ ሳለ አሚስ ላባ ታቅፋ በፊቱ አለፈች። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ወርቁ ከደረቷ ላይ ብልጭ አለ።

«ጊልበርት» አለ ኦስበርት፣ «በበርህ ላይ የእኛን ጽጌረዳ አየሁ፣ ደስ አለኝ። ለካ እኛ ደጅ ስንጠና ሽማግሌው ጓዳህ ገብቶ ተቀምጧል!»

ጋሪ የሚጭኑት ሰዎች ሳቁ። ጊልበርት ጆሮው ድረስ ቀላ።

ኦስበርት ከዚያ ጠጋ ብሎ በቁም ነገር ያወራው ጀመር። አሮጌው ከመነሻውም ንጉሥ አልነበረም አለው፤ አያቱ የሰረቀው ዙፋን ላይ የተቀመጠ ሰው ቢቀባ ዘይት ነው የፈሰሰበት፤ እጁም ከሉካንዳ ነጋዴ እጅ አይሻልም። ልጅቷ ግን ድናለች እኮ ቢለው ትከሻውን ነቀነቀ።

«ማን ነው ድናለች ያለህ? አድብቶ ይሆናላ።»

ይህች ቃል ጊልበርት ሆድ ውስጥ ገብታ ቀረች። ኦስበርት ደግሞ ቀጠለ። አዲሱ ንጉሥ ለፋሲካ ጌታው ቤት ይሰነብታል፤ ሕሙማንን ይዳስሳል። አሚስን ከፊት ረድፍ አሰልፍልሃለሁ አለው። ብቻ ያንን አንጠልጥላ በፊቱ ልትንበረከክ አትችልም።

ሲስሊ ይህን ስትሰማ ባሏ እግር ላይ ወደቀች። የፈለግኸውን ንጉሥ ውደድ፣ ስለ ሂውም እድሜ ልክህን አልቅስ፣ ይህን ብቻ ተውልኝ አለችው። አባ ረልፍም ተጠይቀው፣ የትኛው ቅባት እውነተኛ እንደሆነ እኔ ደሀ የገጠር ቄስ አላውቅም፣ ባይወልቅ ግን ይሻላል አሉት። እሱ ግን የሁሉም ምክር የአሮጌው ንጉሥ ወገን መስሎ ታየው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሂው ብቻ አልነበረም፤ የእነዚያ ጋሪ ጫኞች ሳቅም ነበር። ሰው በሳቅ ምክንያት የማያደርገው ነገር የለም፤ ያሳዝናል እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሥራ ቤቱን ሞልታው ሳለ፣ አሚስን ጠራት። የጥብጣቡ ቋጠሮ ከዓመታት ብዛት ጠንክሮ አልፈታ አለው።

«አባዬ፣ ቢመለስብኝስ?»

«አይመለስም። ቢመለስም የእኛ ንጉሥ በፋሲካ ይነካሻል። የሚሻለው የእኛው ነው።»

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ፀጉሯን ወደ ፊት ሰብስባ አንገቷን ዝቅ አደረገችለት። ላባ በሚከረክምበት ቢላዋ ጥብጣቡን ቆረጠው። ወርቁን በዚያው ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ለአዛዡ አስረከበ። ኦስበርትም ጀርባውን መታ መታ አደረገውና አሁን ሰው ሆንክ አለው።

ፋሲካ መጣ፤ ንጉሡ ግን ቀረ። በሰሜን አመፅ ተነስቷል ተባለ። ለጰራቅሊጦስ ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። ሳር አጨዳው ሲደርስ ይመጣል ተባለ። አሚስ በዚያ ሙቀት አንገቷ ላይ ሻሽ መጠምጠም ጀመረች። ጊልበርት አሁን ደግሞ ኮረዳ ሆንሽ ብሎ ቀለደባት፤ እሷም ሳቀችለት። ሻሹን የፈታችው እናቷ ናት፤ ልብስ ልታጥብ ስትል። ከመንጋጋዋ ሥር እንደ ለውዝ ፍሬ ሦስት ቦታ አብጦ አንዱ ፈርጧል። ለምን ደበቅሽን ስትባል፣ አባዬ እንዳያዝን ብዬ ነው አለች።

ጊልበርት ወደ ጌታው ግቢ ሮጠ። ወርቁን መልሱልኝ አለ። ኦስበርት ወርቁ በጌታው ሣጥን ውስጥ ነው፣ ጌታውም ቁልፉን ይዞ ዘምቷል አለው። እንግዲያው ወደ ንጉሡ እወስዳታለሁ ብሎ ልጁን በጋሪ፣ በፍላጻ ነዶዎች መካከል አስተኝቶ የሠራዊቱን ዱካ ተከተለ። የሰፈሩ ዘበኞች አላስጠጉትም። ንጉሥ በጦር ሜዳ አንገት የሚዳስስበት ጊዜ የለውም፣ ፍላጻውን አራግፍና ተመለስ አሉት። ፍላጻውን አራግፎ ተመለሰ። በመንገድ ሁሉ ዝናብ ነበረ፤ ካባውን ለእሷ አልብሶ እሱ በሸሚዝ ብቻ ጋሪውን ነዳ።

አሚስ ከቅዱስ ሚካኤል በዓል በኋላ አልጋ ላይ ቀረች። በመጨረሻ ድምፅዋ ሁሉ ሰለለ።

«አባዬ፣ ንጉሣችን መቼ ነው የሚመጣው?»

«ነገ» አላት።

በማግሥቱ ሞተች። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተደቡብ፣ ከግንቡ ሥር ቀበሯት።

ሲስሊ አልሰደበችውም፣ አልረገመችውም። ብትረግመው በተሻለው ነበር። ምግቡን ታቀርብለታለች፤ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ እሳቱ ትቀመጣለች። አንዲትም ቃል ከአፏ አይወጣም። ጊልበርት ላባውን ብቻውን ይለያል፤ ግራውን ከቀኙ እየደባለቀ ስንቱን ፍላጻ አበላሸው።

የአሚስ መቃብር አፈሩ ገና ሳይረጋ የአገሩ ደወል ሁሉ ተደወለ። አዲሱ ንጉሥ ከዳተኞች በዝተውበት በመርከብ ባሕር ተሻግሮ ሸሸ፤ አሮጌውን ንጉሥ ከግንብ አውጥተው እንደገና ዘውድ ጫኑለት። ወዲያው ኦስበርት በፈረስ መጣ፤ ደረቱ ላይ ሚዳቋ ተሰፍቷል። ከኮርቻው ሳይወርድ ጎንበስ ብሎ ወርቁን በጊልበርት መዳፍ ላይ አኖረለት።

«በል፣ ቶሎ እሰርላት። ሽማግሌው ተመልሷል፤ ወርቁም ከእንግዲህ ይሠራል። ያኔ የተቀላለድነውን እርሳው። ለመሆኑ ልጅቷ የት አለች?»

ጊልበርት ከመዳፉ ቀና አለ። እጁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘረጋ።

«ጥሩ፣ ጥሩ፣ ትጸልይ» አለ ኦስበርት፤ ፈረሱን አዞረና ሄደ። ብዙ የሚጎበኘው ቤት ነበረበት።

ጊልበርት ወደ ቤት ገብቶ ወርቁን ከሚስቱ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሲስሊ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነስታ ከሣጥኗ የአሚስን የፀጉር ጥብጣብ አወጣች፤ ነጭ ነው። በወርቁ ቀዳዳ አሳልፋ ከጀርባው መጥታ ቆመች።

«አንገትህን ዝቅ አድርግ» አለችው።

ዝቅ አደረገ። አሰረችለትና ቋጠሮውን በጥርሷ ጭምር ስባ አጠበቀችው።

«እንዳታወልቀው።»

ከቀብሩ ወዲህ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። ጊልበርት አላወለቀውም። ሲተኛ አላወለቀውም፣ ሲታጠብ አላወለቀውም። ሲያጎነብስ ወርቁ አገጩን ይነካዋል፤ አሁን ፊቱን አያዞርም።

ፀደይ ሲገባ ባሕር የተሻገረው ንጉሥ ጦር ይዞ ተመለሰና አሮጌውን እንደገና ገለበጠው። አሁን ምሕረት የሚባል ነገር አልነበረም። የሚዳቋ ምልክት የተገኘበት ሁሉ ይያዛል፤ በከተማው በር ላይ አዳዲስ ራሶች ተሰቀሉ ተባለ። ሰዉ ምልክቱን አቃጠለ፣ ቀበረ፣ ወንዝ ጣለ። ጎረቤቶች እየመጡ ወርቁን አውልቅ ብለው ጊልበርትን ለመኑት፤ እሱ ላባውን መሰንጠቁን ቀጠለ።

ኦስበርትም መጣ። ጽጌረዳው ደረቱ ላይ ተመልሷል፤ አሁን ግን በእግሩ ነው፣ ፊቱም አመድ መስሏል። የአሚስን ነገር በኋላ ሰምቶ ኖሮ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«ጊልበርት፣ ቤት ለቤት የሚፈትሹ ሰዎች ከድልድዩ ማዶ ደርሰዋል። ያንን ነገር አውልቀው። በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ፣ አሁንም ጊዜ አለህ።»

ጊልበርት ላባ እየሰነጠቀ ነበር። ቢላዋውን አላስቀመጠም።

«አንድ ጊዜ አውልቄዋለሁ» አለው።

 ኦስበርት ወደ ድልድዩ አየት አድርጎ፣ በጓሮ በኩል ሄደ። የፈረሶቹ ኮቴ በድልድዩ እንጨት ላይ ሲሰማ ሲስሊ ከጓዳ ወጣች። አሚስ ትቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ቁጭ አለችና ላባውን ከፊቱ ወስዳ፣ ግራውን ከቀኙ ትለይለት ጀመር።